አንገት ያለው ሰው ላኩ

«ስጠኝ፣ ስጠኝ እንጂ። አንገትህ እኮ ሊሰበር ነው» አልኩና ድንጋዩን ከሰውየው ጫንቃ ላይ አወረድኩለት።

«አይ፣ እመቤቴ፣ እርስዎ አይደሉም…» ይላል። እኔ ምኑን ልስማው። የብሎካችን ሦስተኛ ደረጃ ከተሰበረ ሁለት ወር ሆኖታል። ግንበኛ ቅዳሜ ይመጣል ከተባለ ደግሞ ይኸው አራተኛ ቅዳሜው። የእድሩን ወንበሮች ከዕቃ ቤት እያወጣሁ ሳለ አንድ ሽበታም ሰው እያነከሰ፣ ሃያ ኪሎ የሚሆን ጥርብ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በጓሮ በር ሲገባ ባይ ሌላ ምን ልበል። ድንጋዩን ከደረጃው ሥር አስቀመጥኩ፣ እጄን አራገፍኩ፣ «ሲሚንቶውስ?» አልኩት።

የመለሰችልኝ በሸሚዙ ኮሌታ ላይ የተሰፋች ቁልፍ ናት። በለሰለሰ የሴት ድምፅ፣ «ድንጋዩ ወርዷል። እርቁ ተፈጽሟል። ቀሪው ዘመን የጤና ይሁንልን» አለች።

ግንበኛ የምትናገር ቁልፍ አይለብስም። ያን ጊዜ ነው ጫማውን ያየሁት፤ አቧራ ጠጥቷል እንጂ የቢሮ ጫማ ነው። እጁን አየሁ፤ ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር የያዘ እጅ አይደለም።

«እርስዎ… የእፎይ ሰው ነዎት?» አልኩት። አንተ ማለቱ ከአፌ ብን ብሎ ጠፋ።

«ነኝ። ኢዮስያስ እባላለሁ። ወይዘሮ ሐሴትን ነበር የምፈልገው።»

ሐሴት ጎረቤቴ ናት፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ነን። ይህን ሰውና ይህን ድንጋይ ሰባት ዓመት ጠብቃለች። እኔ በሁለት እጄ አንስቼ ከደረጃ ሥር ወሸቅኩት።

በእኛ ሰፈር፣ ማለት ቱሉ ዲምቱ ብሎክ አሥራ አራት፣ ጠዋት ስንገናኝ «እንዴት አደርሽ» አንባባልም። «ስንት አደርሽ?» ነው። «ሦስት» ካለች ጀርባዋ ላይ ሦስት የእፎይ ፕላስተር ተለጥፎ አድሯል ማለት ነው። ባለፈው ወር አራት ነበረችና «ተመስገን» ይባልላታል። ቁጥሩ ከወጣ «አይዞሽ» ይባላል፤ ምክንያት አይጠየቅም። ሊፍታችን በሩን ከመዝጋቱ በፊት እፍ አስብሎ ትንፋሽ ይለካል። ከስድስት በላይ የሆነን ሰው ብቻውን አያወጣም፤ ጎረቤት እስኪመጣ ያቆየዋል። እዚያ ቆመው ሲጠባበቁ የተዋወቁ ሦስት ባልና ሚስት አሉን። ልጆቻችን ደግሞ መቁጠር የሚጀምሩት ከዘጠኝ ወደ ዜሮ ነው። መምህሯ ልታርማቸው ሞክራ ትታዋለች።

እፎይ የመጣው በ2071 ነው፤ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለጀርባ። ሱስ እንደማያስይዝ ካርቶኑ ላይ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ሐኪም የሚያዘው ሰባት ፕላስተር ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ግን አሥራ ሁለት። አምስቱ ምን ይሁን ለሚል ካርቶኑ ራሱ መልስ አለው፤ «ለጎረቤትዎ» ይላል። ታዲያ አምስት ትርፍ ፕላስተር እቤቱ ያስቀመጠ ሰው፣ ጎረቤቱ ወገቧን ይዛ ስታቃስት ዝም ብሎ ያያል? ለሐሴት የመጀመሪያዋን የለጠፍኩላት እኔ ነኝ። ጀርባዋን በሙቅ ውኃ አሽቼ፣ አድርቄ፣ በመዳፌ ደገፍ አድርጌ። እሷም «እፎይ» አለች። ስሙን ያወጣው ሰው ሥራውን ያውቃል።

ሐሴት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዶሮ እንኳ አልገጨችም። ዘጠኝ ስትደርስ መንጃ ፈቃዷን ወሰዱት። መዝገቧ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ነው፤ «በገዛ ፈቃዷ ያበዛች»። ዛሬ ዜሮ ማደር ከጀመረች መቶ ሃያ ቀን ሆኗታል። ያቺ መስመር ግን እንዳለች ናት። መስመሯን የሚፍቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። የኩባንያው ሰው ፊቷ ቆሞ «አውቀን ነበር» ማለት አለበት። አለዚያ መሪ አትጨብጥም።

ኩባንያው ስድስት ጊዜ ተከሶ ስድስት ጊዜ ስሙን ቀይሯል። መጨረሻ ላይ የእርቅ ችሎት የሚባለው ተቋቋመና ዳኞቹ የአባቶችን ሥርዓት አወጡ። የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ በደሉን ይናገራል፣ የተበደለው ድንጋዩን ያወርድለታል። ኩባንያው መጀመሪያ ድንጋዩን በድሮን ላከ። ችሎቱ ድንጋዩን መለሰና አንድ መስመር ደብዳቤ አያያዘበት፤ «አንገት ያለው ሰው ላኩ» የሚል። ከዚያ ወዲህ ፊርማው ያለበት ሰው ራሱ፣ በእግሩ፣ በቀን ብርሃን ይመጣል።

ደንቡ አንድ ቀዳዳ አለው። ድንጋዩን ማንም ያውርደው ማን፣ ሰውየው ይናገር አይናገር፣ አንዴ ከወረደ መዝገቡ ይዘጋል። መልሶ አንስቶ በደሉን መናገር የሚችለው ተሸካሚው ብቻ ነው። ያውም ወድዶ፣ በዚያው ቀን እስከ ስድስት ሰዓት። እኔ ድንጋዩን ሳወርድ አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ጋሽ ናሆም፣ የእድራችን ዳኛ፣ በዋናው በር ድንኳን አስጥለው፣ ጡሩንባ ነፊ አቁመው እንግዳ ይጠብቃሉ። እናታቸው ስም ሲያወጡላቸው ናሆም የዘመናይ ልጅ ስም ነበር አሉ። ዛሬ ናሆም ሲባል ለእኔ የሚታየኝ ከዘራ ነው። ሄጄ ነገርኳቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የማይወዱትን ነገር አይሰሙም። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

«በሁለት እጅሽ?»

«በሁለት እጄ፣ ጋሼ።»

«ባንቺ አልፈርድም» አሉ። «የዕቃ ቤት ቁልፍ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ።»

ተያይዘን ወደ ጓሮ ስንመለስ ሐሴት ከላይ እየወረደች ነበር። የሹፌርነት ጃኬቷን ለብሳለች፤ ተተኩሶ ክንዱ ላይ ስለት አውጥቷል።

«ስንት አደርሽ?» አልኳት፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ዜሮ። ምን ሆነሽ ነው እንደ ሌባ የቆምሽው?»

«ድንጋዩን አወረድኩት።»

ድንጋዩን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ እኔን አየች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «ቃልኪዳን» አለች ቀስ ብላ፣ «አንቺ እኮ ሬሳውን ብርድ እንዳይመታው ብለሽ ጋቢ የምትደርቢ ሴት ነሽ።» ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

አቶ ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ከዚህ በፊት ድንጋዩን በወሰድኩባቸው ሁለት ቤቶችም እንዲሁ ነው የሆነው። የመጀመሪያው ቤት አባወራው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሮጦ መጥቶ ተቀበለኝ። ሁለተኛው ቤት አውርደውልኝ ምሳ አበሉኝ።»

«በምሳ ሰዓት ነው እንዴ የሄዱት?» አሉ ጋሽ ናሆም።

«ሰዓቱን የሚመርጠው ቢሮው ነው። በሩንም። ሽበቴን እንዳልቀባው ነግረውኛል።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ሁለት መቶ ሜትር ሲቀረኝ እንዳነክስም።»

«ታነክሳለህ?» አለች ሐሴት።

«አላነክስም።»

ጋሽ ናሆም ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ይሉኝታችንን አጥንተውታል» አሉ። «ሸክም ተሸክሞ የቆመን ሰው ዝም ብሎ የሚያይ አበሻ የለም ብለው አስበዋል። ልክ ናቸው፤ የለም።»

«አሥራ ሁለት አድርገው ያሸጉት ሰዎች እኮ ናቸው» አለች ሐሴት።

ቁልፊቱ በዚህ መሀል ገባች። «አቶ ኢዮስያስ፣ መኪናዎ በጓሮ በር ደርሷል። በእግር መመለስ አይጠበቅብዎትም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

እውነትም ነጭ መኪና በሩን ከፍታ ቆማለች፤ ውስጧ ማንም የለም። በረንዳው ሁሉ ሰው ሆኗል። አንዱ ከሦስተኛ ፎቅ፣ «ይለመን እንጂ፣ ሽማግሌ ይላክበት» አለ። ጋሽ ናሆም ቀና ብለው፣ «ወድዶ ነው የሚለው ደንቡ። ማባበል የለም፣ ማስፈራራት የለም፣ ዓይን ማስለምለምም የለም» አሉ። ይህን የመጨረሻውን ደንቡ ውስጥ ያገኙት አይመስለኝም።

ስለዚህ መቶ ምናምን ሰው እያየ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሰውየው መኪናዋን ያያል፣ ድንጋዩን ያያል። ለመሄድ አንድ እርምጃ ያህል ተራመደ ልበል፤ አዎ፣ ተራምዷል።

«ስንት ነህ?» አለችው ሐሴት፣ ከተቀመጠችበት።

ቆመ። እጁ ሳያስበው ወደ ጀርባው ሄደ። እኛ ሰፈር ያን ምልክት የማያውቅ ሕፃን የለም።

«ሁለት» አለ።

«ተመስገን» አልን ሁላችንም፣ ከታችም ከላይም። አስበንበት አይደለም፤ ልማድ ነው። ሰውየው የመታነው ያህል ደነገጠ። የመጀመሪያው ተመስገኑ ሳይሆን አይቀርም።

«ከስንት?»

«ከስምንት። ቢሮ ውስጥ በነፃ ነው የሚታደለን።»

«የመጀመሪያዋን ማን ለጠፈልህ?»

«ባልደረባዬ። ወገቤን አሞኝ ነበር።»

«ጥሩ ሰው ነው?»

«በጣም ጥሩ ሰው ነው» አለ።

ሐሴት ዞር ብላ እኔን አየችኝና ተነሥታ ደረጃውን ወደ ቤቷ ወጣች። የምትለውን ብላ ጨርሳለች።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አቶ ኢዮስያስ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ጎንበስ አለ። ድንጋዩን ለማንሳት የሚሞክረው አጉል ነው፤ ጉልበቱን ሳይሆን ወገቡን ነው የሚያጥፈው። እጄ ብድግ ብሎ ሄደ። የጋሽ ናሆም ከዘራ መሀል መንገድ ላይ ተቀበለው።

«እሰሯት» አሉ።

«ማንን ጋሼ?»

«ቃልኪዳንን። ገመድ አምጡ።»

የእድሩን ዕቃ የማውቀው እኔ ነኝና የድንኳን ገመዱ ያለበትን ያሳየኋቸውም እኔው። እጄን ወደ ኋላ አሰሩኝ። ሌላው ሰው የእኔን አይቶ በገዛ ፈቃዱ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። በዚህ ዓይነት ብሎክ አሥራ አራት በሙሉ እንደ እስረኛ ተሰልፎ አንድ ሰው ድንጋይ ሲያነሳ አየ። በሦስተኛው ሙከራ ጫንቃው ላይ ወጣለት።

«አቶ ኢዮስያስ፣ ይህ አያስፈልግም» አለች ቁልፊቱ። «መዝገቡ ተዘግቷል።»

«ከፍቼዋለሁ» አለ እያለከለከ።

ሊፍቱ ሲያየው በሩን ከፈተለት። ማሽኑም እኛ መሀል ኖሮ ይሉኝታ ተምሯል። ጋሽ ናሆም በከዘራቸው ዘጉበት። ሰውየው ደረጃውን ጀመረው፤ እኛ ከኋላው። «እኔን፣ እኔን» ይላሉ ሴቶቹ በእያንዳንዱ እርምጃ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዷ በእግሯ ወንበር ገፋ አደረገችለት፤ እንድትመልስ ተደረገ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውኃ ይጠጣ አይጠጣ የሚል ክርክር ተነሣ። የመናገር ተራ ሳይጠየቅ ስድስት ሰው ተናገረ፤ ሰውየው ድንጋዩን ተሸክሞ ክርክሩን ያዳምጣል።

«ውኃ ድንጋይ አያቀልም» ብለው ፈረዱ ጋሽ ናሆም። «አጠጡት፤ ቶሎ በሉ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

አራተኛ ፎቅ ላይ ለማረፍ ግድግዳውን ተደገፈ። ቁልፊቱ፣ «የልብ ምትዎ ከፍ ብሏል። ሕመምዎን ለማስታገስ አንድ እፎይ ቢለጥፉ እንመክራለን» አለች። ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ሰውየው ራሱ ከድንጋዩ ሥር ሳቀ፣ ሊወድቅም ነበር። ቁልፊቱን በጥሶ መጣል ይቻል ነበር። ግን ለመዝገቡ የምትመሰክረው እሷው ናት፤ ስለዚህ ሁላችንም ቻልናት።

ሐሴት በሯን ከፍታ ደፉ ላይ ቆማለች። ሰውየው ፊቷ ቆመና ለመናገር ትንፋሹን ሰበሰበ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ።

«በ2071 ጥር ላይ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ» አለ። «ስምንት የለጠፈ ሰው በራሱ ማቆም አይችልም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሳምንቱ ካርቶኑ አሥራ ሁለት ይሁን የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ፈረምኩ። ‹ለጎረቤትዎ› የሚለው ቃል የእኔ ነው። የገጠር ልጅ ነኝ፣ ጎረቤት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በስብሰባ ላይ አጨበጨቡልኝ።» ድንጋዩን አስተካከለ። «አውቀን ነበር። እርስዎ አላበዙም። ያበዛነው እኛ ነን።»

ሰው ሁሉ ሐሴትን ይመለከታል፤ እኔ መሬቱን። አሥራ ሰባት ዓመት ያን ፕላስተር የደገፈው መዳፍ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌላ እጅ ከላዩ ተደርቦ ነበር።

ሐሴት አልተቸኮለችም። ሰውየውን እስኪበቃት አየችው። ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ደፉ ላይ ይወድቃል። ከደረጃው ላይ አንድ ሰው፣ «ኧረ በሞቴ» ማለት ጀምሮ በጋሽ ናሆም ዓይን ተዋጠ።

«ቃልኪዳንን ፍቱልኝ» አለች።

ፈቱኝ።

«ነይ ያዥ በዚህ በኩል። አንቺም ተበዳይ ነሽ።»

ድንጋዩን ሁለታችን ይዘን አወረድነው። ከጠዋቱ ይልቅ ከበደኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ድንጋዩ ያው ነው። ቁልፊቱ «አንድ አፍታ» አለች። ከበላይዋ ስትጠይቅ ይሆናል። ከዚያ የሐሴት ስልክ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነዘረ። አውጥታ አነበበች፣ መነጽሯን ፈልጋ እንደገና አነበበች፣ ለጋሽ ናሆም ሰጠቻቸው።

«በገዛ ፈቃዷ የሚለው ጠፍቷል» አሉ ጋሽ ናሆም። «መንጃ ፈቃድ፣ የጸና። ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ዴፖ ትገኝ ይላል።»

እልልታው ከአምስተኛ ፎቅ ተነሥቶ እስከ ምድር ቤት ወረደ። ብሎክ አሥራ ሦስትም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተቀበለው። ጡሩንባ ነፊው ለሐዘን ብቻ የሚነፋትን ጡሩንባ ለደስታ ነፋት፤ አልቻለበትም፣ ሰው መርዶ ነው ብሎ ደንግጦ ነበር። ሐሴት አላለቀሰችም፤ መተላለፊያው ላይ ቆማ ቀኝ እግሯን ወለሉ ላይ ትጫን ጀመር። ነዳጅ ትስጥ ፍሬን ትያዝ ለማወቅ አልቻልኩም።

«አሁን ምሳ ይቻላል» ብለው የአታግዙ አዋጃቸውን አነሡ ጋሽ ናሆም። ድንኳኑ ውስጥ ተበላ። አቶ ኢዮስያስ ሦስት ጎረቤት ከሦስት አቅጣጫ ሲያጎርሰው ምንም አልተከላከለም። ቁልፊቱ ስለ ጨው ብዛት አንድ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀች። ነጯ መኪና ጓሮ ላይ ጠብቃ ጠብቃ ባዶዋን ሄደች።

ከምሳ በኋላ ድንጋዩን ከላይ አወረዱለት። ገና ሠላሳ ሰባት ቤት ይቀረዋልና አብሮት ይሄዳል። አሁን ማገዝ ስለተፈቀደ አሥራ አንድ ሰው ያዘው፤ እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ሊጥሉት ነበር። ጫንቃው ላይ ሲደላደልለት ወደ ሐሴት ዞረ።

«ሰኞ ጠዋት ቃሊቲ ነኝ፣ በአውቶቡሱ መንገድ ነው የማልፈው» አለ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ወይዘሮ ሐሴት፣ ይቅር ብለውኛል ብዬ ልሂድ?»

ሐሴት የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ሳበች።

«ዳር ዳሩን ሂድ» አለችው። «ሰባት ዓመት ሙሉ ፍሬን አልረገጥኩም።»